አዬ አስካለች ሸራቸውን ያዩበት ቀን

የሞታቸውን ወሬ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጃቸው ማርታ ከሶዶ ደውላ፣ "እማዬ ትናንት ተቀበረች፤ ስልክህ አልሠራ ብሎን ነው" አለችኝ። ሐዋሳ ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ስልኩ ሲዘጋ ኮቴን አውልቄ ገለበጥኩና የትከሻውን ስፌት በጣቴ ዳሰስኩት። ኮቱን የሰፋው ሌላ ሰው ነው። አዬ አስካለች ግን አንድ ቀን በራቸው ላይ አስቁመውኝ፣ "ይሄን ማን ነው የሰፋው? እንቅልፍ ይዞት ነው?" ብለው እዚያው ፈትተው እንደገና ሰፍተውልኛል። ዓመታት አልፈዋል፤ ክሩ እስከ ዛሬ አልላላም።

"አዬ" በወላይትኛ "እናቴ" እንደማለት ነው። ዘመዱም ባዳውም፣ ሰፈሩ በሙሉ አዬ አስካለች ይላቸው ነበር። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ሶዶ የሄድኩት የዓሣ ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ሲሆን፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት አብሬያቸው ኖሬአለሁ። ሱቃቸው ከግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ነበር። አንዲት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እጅጌያቸውን ዘርግተው የተሰቀሉ የመዘምራን ጋዋኖች። ከሶዶ አልፎ የቤሌም የዲምቱም መዘምራን የሚያሰፉት እሳቸው ጋ ነበር።

አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን "አንቺ ልጅ" ይሉኛል፤ ፓስተሩንም "ነይ ግቢ" ነው የሚሉት። ማንም አይቀየማቸውም ነበር። መርፌዎቹን በከንፈራቸው ይዘው፣ በዚያው አፍ ያወራሉ። ሰላምታቸው ከሌላው ሰው ይለያል። ሰው ሲመጣባቸው "ደህና ዋልሽ" ከማለታቸው በፊት፣ "እስኪ ዞሪ" ይላሉ። የልብስን እውነት የሚያውቁት ከጀርባው ነበርና። አንድ ጊዜ አንድ የፖሊስ ኢንስፔክተር ስለ ሰፈሩ ጥበቃ ሊያነጋግራቸው መጣ። ሙሉ ዩኒፎርም ለብሷል፣ ኮስተር ብሏል። "እስኪ ዞሪ" አሉት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ዞረ። "ሱሪሽ ከኋላ ይስባል። ስትቀመጪ አይቆነጥጥሽም?" ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ፣ "ይቆነጥጠኛል፣ አዬ" አለ። በማግስቱ ሱሪውን በፌስታል ይዞ መጣ።

ያልጣማቸውን ሥራ አያሳልፉም። ዲምቱ ላለ አንድ የመዘምራን ቡድን ጋዋን ሰፍተው ካስረከቡ በኋላ፣ በመጀመሪያው እሁድ ሊያዩት ሄዱ። እኔንም አስከትለውኛል። መዘምራኑ ተሰልፈው ሲዘምሩ ምእመኑ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አዬ አስካለች ግን አንገታቸውን አስረዝመው አንድ ቁመተ ረጅም ሰውዬ ላይ አፍጥጠዋል። የመጀመሪያው መዝሙር እንዳለቀ ተነሡ፣ መድረኩ ሥር ሄደው ሰውዬውን በጣታቸው ጠሩት። ወደ ጓዳ አስገቡት። ሦስተኛው መዝሙር ሳይጀመር ሰውዬው ተመልሶ ቦታው ቆመ፤ ክንዱን ሲያነሣ ትከሻው አልተጎተተም። አዬ አስካለች ወንበራቸው ላይ ተመለሱና ያኔ ነው ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ የጀመሩት።

አራተኛው ዓመቴ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ይጠሩኝና፣ "ይቺን ክር አግቢልኝ፣ እጄ ቅባት ነክቷል" ይሉኛል። ሌላ ቀን እጃቸው ሊጥ ነክቷል። ሌላ ቀን ደግሞ መርፌዋ ጠማማ ናት። አንድ ቀን የሱቁ መጋረጃ ላይ አሥር የሚሆኑ መርፌዎች ክር ገብቶላቸው ተሰክተው አየሁ። በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠሩ ነበር የሚያስገቡት።

"አዬ፣ ዓይንዎን ታይተዋል?" አልኳቸው።

መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። "ስኳሬ ነው። ዓይኔ ውስጥ ገባ አሉኝ። ቅርቡ ይጠፋብኛል። ሩቁ ገና አለ።"

"መነጽርስ?"

"መነጽር አይሠራለትም አለኝ ዶክተሩ። እየባሰ ነው የሚሄደው አለ።" ከዚያ ጣታቸውን አነሡብኝ። "ማርታ እንዳትሰማ። ማንም እንዳይሰማ። ጋዋን የሚያሰፋ ሰው ዓይን የሌላት ሰፊ ጋ አይመጣም።"

ቃል ገባሁላቸው። ያ ቃል በኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅኩም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የአቶ ዳና ነገር የመጣው። አቶ ዳና ከሃላሌ በታች፣ የኦሞ ወንዝ ሲገደብ የተኛው ትልቁ ውሃ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው፣ ሙዝና ዓሣ የሚያመላልስ ሰው ነው። በልጅነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ አገሩ ተመልሶ ሠላሳ ዓመት በቆሎና ካሳቫ አረሰ። ውሃው እየሞላ መጥቶ ከማሳው ሥር ሲቆም ግን በሬዎቹን ሸጦ የብረት ጀልባ ገዛ። እኔ ለዓሣ ሥራ ወደዚያ ስወርድ የምሄደው በእሱ ጀልባ ነበር። በዚያ ዓመት ቤንዚን ጠፋ። ጀልባይቱ ሳምንታት ዳር ላይ ታስራ ስትውል አቶ ዳና አንድ ቀን፣ "ሸራ ብሰቅልባትስ?" አለኝ። "ልጅ ሆኜ በሸራ ነበር ያሠለጠኑን። እጄ አይረሳውም። ሶዶ ውስጥ ጠንካራ ሸራና ጎበዝ ሰፊ ፈልግልኝ።"

ሸራውን አገኘሁ። ሰፊ ግን ስፈልግ አዬ አስካለችን አልጠየቅኳቸውም። በዓይናቸው ምክንያት ነው። የከባድ መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰውዬ ጋ ይዤ ልሄድ ግቢው ውስጥ ሳጥፈው መጡብኝ።

"ምንድን ነው?"

"ለጀልባ ነው፣ አዬ። ነፋስ የሚይዝ ሸራ።"

"ለጀልባ ልብስ ነው?"

"እንደዚያ ነገር ነው።"

"ታዲያ ይዘሽ የት ነው የምትሄጂው?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ቅያሜ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሸራውን ከእጄ ወስደው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "ሰውዬዋን አምጪልኝ። የጀልባዋን ቁመት ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም።"

አቶ ዳና ከሃላሌ ድረስ መጣ። ግቢው መሬት ላይ በኖራ ሦስት ማዕዘን የሸራ ቅርጽ ሣለላቸው። አዬ አስካለች ዙሪያውን በባዶ እግራቸው እየተራመዱ ለኩ። "ነፋሱ ከየት ነው የሚገፋት? ሆዷ የት ጋ ነው የሚነፋው?" እያሉ ጠየቁት። እሱ በእጁ እያሳየ መለሰ። ሸራ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢሰፋ እንደማይሠራ፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ሰፋ ማለት እንዳለበት ሲነግራቸው፣ "አወቅኩ፤ እርጉዝ ሴት ናት" አሉ። አቶ ዳና ከልቡ ሳቀ። "መምህሬ እኛን ለማስረዳት አንድ ወር የፈጀበትን እሳቸው አሁን ገባቸው" አለኝ።

አምስት ቁራጭ ጎን ለጎን አጋጥመው ሰፉት። ጠዋት ጠዋት ክሩን የማስገባው እኔ ነበርኩ። የቀረውን በጣታቸው ነው የሠሩት። አውራ ጣታቸው ስፌቱን እየቀደመ፣ መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ መርፌው ይከተላል። ሲጨርሱ አቶ ዳና ተመልሶ መጣና ዋጋውን ጠየቃቸው።

"ብር አልፈልግም" አሉት። "አንድ ቀን ሙሉ ጀልባዋን ስጪኝ። ሙዝ አትጫኝ፣ ዓሣ አትጫኝ፣ ሰው አትጫኝ። 'ቶሎ በሉ፣ እንመለስ' የሚለኝ እንዳይኖር። ስድሳ ዓመቴን ስሰፋ የሰው ሠርግ፣ የሰው በዓል ነው የሰፋሁት። አንድ ቀን የኔ ይሁን።"

አቶ ዳና ቆብ እንዳደረገ ወታደር እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። "ቀኑን ይምረጡ፣ አዬ።"

ቅዳሜን መረጡ። በቤሌ በኩል ሄደን ዓርብ ሃላሌ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ቤት አደርን። ጠዋት የስኳራቸውን መርፌ ተወጉ፣ ቁርስ በሉ፣ የእሁድ ልብሳቸውን ለበሱ። ምሳቸውን ራሳቸው ነው የቋጠሩት፦ የተቀቀለ ጎዳሬ፣ ዳጣ በትንሽ ጠርሙስ፣ ሙዝ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። መድኃኒታቸውንም በዚያው ቦርሳ ከተቱ። ቁልቁለቱን ወደ ውሃው የወረዱት በሞተር ብስክሌት ነው። ነጂውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ "ቀስ፣ አንቺ ልጅ፣ ቀስ! ሳልዋኝ እንዳልሞት!" እያሉ ሲወርዱ ዳር የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ ቆመው አዩአቸው።

ጀልባይቱ ታጥባለች። አቶ ዳና ለመቀመጫቸው ፍራሽ አንጥፏል። መሐል ላይ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎባታል፤ ነፋስ ወደ ጎን እንዳያንሸራትታትም በጎኗ ወፍራም ሳንቃ በገመድ አስሯል። መጀመሪያ በመቅዘፊያ ወጣን። አዬ አስካለች የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይጸልያሉ። ከዚያ አቶ ዳና ገመዱን ሳበው። ሸራው ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ተርገበገበ፣ ከዚያ ድም ብሎ ሞላ። ጀልባይቱ ያለ ምንም የሞተር ድምፅ ሄደች።

አዬ አስካለች እጃቸውን ከጠርዙ ለቀቁ። "ሎኦ" አሉ በወላይትኛ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

ያንን ጠዋት ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል። ገደሎቹ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ናቸው፣ ውሃው መሐል ላይ ሰማያዊ ሆኖ ዳር ዳሩን ወደ ቡናማ ይመልሳል። የምንሄድበት ቦታ አልነበረንም። አቶ ዳና አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እያዞረ አንሸራሸረን። ዓሣ የሚጠብቁ ወፎች የደረቁ የዛፍ ጫፎች ላይ ቆመዋል። አዬ አስካለች ሻይ ቀድተው ሰጡን። በአንድ እጃቸው ሁልጊዜ የሸራውን ጠርዝ ይዳስሳሉ፤ አንዴ ደግሞ ጉንጫቸውን አስጠግተው የነፋሱን ግፊት አዳመጡ።

"ባሕሩ ናፍቆሽ ነበር?" ብለው አቶ ዳናን ጠየቁት።

እሱ መሪውን ትንሽ መለስ አደረገ። "ሠላሳ ዓመት ለማንም አላወራሁም፣ አዬ። ለማን ላውራ? ሚስቴ ባሕር አላየች፣ ልጆቼ ባሕር አላዩ። ሕልሜን የማወራ ነው የሚመስላቸው።"

"ለኔ አውሪልኝ። ቀኑ የኔ ነው።"

አወራላቸው። ስለ ጨው ሽታ፣ ጀልባ ላይ ስለተማረው የገመድ አስተሳሰር፣ ከቀይ ባሕር ስለሚነሣው ትኩስ ነፋስ። እሳቸው እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ቀና ብለው ሸራውን አዩና ተከዙ። "እኔ አላየሁትም" አሉ።

"ምኑን፣ አዬ?"

"ልብሷን። ውስጧ ተቀምጬ እንዴት አየዋለሁ? የለበሰ ሰው ጀርባውን ያያል እንዴ? ከሩቅ ነው የማየው። አውርዱኝና እለፉልኝ።"

ፊት ለፊታችን አንዲት ትንሽ ደሴት ነበረች። ድሮ ኮረብታ የነበረች ናት፤ ውሃው ሲሞላ ጫፏ ብቻ ቀረ። አቶ ዳና ነፋሱን አየ፣ ደሴቲቱን አየ። "አንድ ጊዜ አልፈን፣ ዞረን መጥተን እንወስድዎታለን። ከዚያ እዚያው ጥላ ሥር ምሳ እንበላለን" አለ። ደግፈን አወረድናቸው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በእጃቸው "ሂዱ፣ ሂዱ" አሉን።

ፊት ለፊታቸው ስናልፍ አጨበጨቡ። በደንብ አየናቸው። ልንዞር ስንል ነው ነፋሱ የተለወጠው። በሸለቆው ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነፋስ አለ፤ በዚያ ቀን ቀደም ብሎ መጣ። ጀልባይቱ ወደ ጎን ተጋደመች፤ የጎኗ ሳንቃ የታሰረበት ገመድ ተበጠሰ። ሳንቃው በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጀልባይቱ እንደ ቅጠል ወደ ታች ተንሸራተተች። መቅዘፊያውን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ቀዘፍኩ፤ ምንም አልፈየደም። ሸራውን አውርደን ሳንቃውን አጥብቀን እስክናስር ድረስ ደሴቲቱ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆናለች።

ልቀመጥ ስል እግሬ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር መታ። ቦርሳቸው ነው።

"አቶ ዳና፣ ቦርሳቸው እዚህ ነው" አልኩ።

"ምሳቸው ነው?"

"ምሳቸውም መድኃኒታቸውም። ስኳር አለባቸው። ጠዋት ተወግተዋል። አሁን ካልበሉ ይወድቃሉ።"

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ።"

ፊቱን ወደ ደሴቲቱ አዞረ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን ሞከርኩ፤ እዚያ ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም። ሌላ ጀልባ የለም፤ በቤንዚኑ ምክንያት ሁሉም ታስሯል። ቆይቼ፣ "ደሴቷ ላይ አዞ ይወጣል?" አልኩት።

"ይወጣል" አለ፣ ሳያየኝ።

በሸራ ወደ ነፋስ ፊት ለፊት አይኬድም። አቶ ዳና ያንን ያኔ ነው ያስረዳኝ። ወደ ቀኝ ገደል በሰያፍ ትሄዳለህ፣ ትዞራለህ፣ ወደ ግራ ገደል በሰያፍ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትዞራለህ፤ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ትቀርባለህ። በዞርን ቁጥር ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባይቱ ውሃ ትጠጣለች፣ እኔ በባልዲ እየቀዳሁ እደፋለሁ። አቶ ዳና እጁ በገመድ ተልጦ ደም ወጥቶታል። ቀና ባልኩ ቁጥር አዬ አስካለችን እፈልጋለሁ። ነጭ ነጠላቸው ይታየኛል፣ ሲንቀሳቀሱ ግን አይታየኝም። በልቤ ለማርታ የምነግራትን ቃል እፈልግ ነበር። አንድም አላገኘሁም።

ደሴቲቱ ዳር ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዘልዬ ወረድኩ። ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሙዝ ልጬ ሰጠኋቸው፤ ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ ሳቱት፤ እኔ አጎረስኳቸው። ሁለተኛውን ራሳቸው በሉ። ስኳር ያለበትን ሻይ ጠጡ። አቶ ዳና ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ፣ ገመዱን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቷል። እንደዚያ የተሰበረ ሰው አይቼ አላውቅም።

አዬ አስካለች ሲጠነክሩ መጀመሪያ የተናገሩት ለእሱ ነው።

"አንቺ ዳና፣ እንዴት አድርገሽ ነው ያሳየሽኝ! እኔ አንድ ጊዜ እለፉ ነው ያልኩት። አንቺ ግን ፊቷንም ጀርባዋንም እያዞርሽ፣ እያመላለስሽ አሳየሽኝ። ሠርገኛ እንኳን እንደዚያ አይዞርም።"

አቶ ዳና ቀና አለ። እኔን አየኝ። ገደል ለገደል ስንንከራተት የዋልነውን፣ ለእሳቸው ተብሎ የተደረገ ትርኢት መስሏቸዋል ብዬ አሰብኩ። ሁለታችንም እውነቱን አልነገርናቸውም።

"አንድ ነገር ግን አለ" አሉ አዬ አስካለች። "ሦስተኛው ስፌት ላይ ትስባለች። ወደ ቀኝ ስትሄጂ ደህና ናት፣ ወደ ግራ ስትሄጂ ትኮሳተራለች። ጥፋቱ የኔ ነው። አውርጂልኝ፣ ልፍታው።"

"አዬ፣ አሁን አይሆንም፤ ደክመዋል" አልኩ።

"ቀኑ የኔ ነው ብያለሁ።"

ነፋሱም ትንሽ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። እዚያ ድንጋይ ላይ ሸራውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከነጠላቸው ጫፍ መርፌ አወጡ። አዬ አስካለች ያለ መርፌ ከቤት አይወጡም። ክሩን አስገባሁላቸው። ዓይናቸውን ወደ ውሃው አድርገው፣ ስፌቱን ሳያዩ፣ ሦስተኛውን መስመር በጣታቸው እየዳሰሱ ፈቱት፣ መልሰው ሰፉት። አቶ ዳና አጠገባቸው ተቀምጦ ሸራውን ወጥሮ ያዘላቸው። የእጁን ደም በነጠላቸው ጠረጉለት። ወደ ሃላሌ ስንመለስ ሸራው አንድም ቦታ አልተኮሳተረም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ሲሠሩ አላየሁም። ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁን ዘጉ፤ የዘጉት በዓይናቸው ምክንያት እንደሆነ ለማርታም ነገሯት። እኔም ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ሶዶ ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አምና ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። እጄን ይዘው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ያቺ ቅዳሜ ሁልጊዜ ውስጤን ትበላኝ ነበርና ያን ቀን ተናገርኩት።

"አዬ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ደሴቷ ላይ የተውንዎት ቀን... እየዞርን ስናሳይዎት አልነበረም። መመለስ አቅቶን ነው። ሞተዋል ብዬ ነበር።"

ሳቁ። ጥርሳቸው ግማሹ የለም፤ ሳቃቸው ግን ያው ነው።

"አውቄያለሁ" አሉኝ።

"ያኔ?"

"ያኔ ነዋ። ዓይኔ ነው እንጂ የታመመው፣ እኔ ሞኝ ነኝ? ቦርሳዬ ከናንተ ጋር ሲሄድ አየሁ። ነፋሱ ሲያጋድማችሁም አየሁ። ፈራሁ፣ ጦሲን፣ አምላኬን፣ ጠራሁ፣ አለቀስኩም። ሰውነቴ ሲከዳኝ ደግሞ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ሸራዬን አያለሁ አልኩ። ወዲያ ስትሄድ አያታለሁ፣ ወዲህ ስትመጣ አያታለሁ። ሦስተኛዋን ስፌት ያገኘኋት እንደዚያ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩንም? ለምን አመሰገኑት?"

አውራ ጣታቸው የሸሚዜን እጅጌ ጠርዝ ተከትሎ ሄደ።

"ውሃው ውስጥ ቆማ አየኋት፣ ዳናን። አንገቷን ደፍታ። ሠላሳ ዓመት ባሕር አጥታ የኖረች ሰው ናት። በመጀመሪያው ቀን፣ 'ሰው ልገድል ነበር' ብላ ወደ ቤቷ ብትገባ ያንን ሸራ ዳግመኛ የምትሰቅል ይመስልሻል? እኔ ደግሞ ለመጋዘን አልሰፋሁትም።" እጄን ለቀቁ። "እስከ ሞቴ እንዳትነግሪያት። ከሞትኩ ንገሪያት፣ ግድ የለም።"

ማርታ በደወለችልኝ ማግስት ሶዶ ደረስኩ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። አቶ ዳና ከሃላሌ መጥቶ ከአንድ ጥግ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሰው ከአጠገባችን ሲቀንስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማወቃቸውን፣ መፍራታቸውን፣ ያመሰገኑበትን ምክንያት።

መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየው ነበር።

"ያን ቀን እናንተን አውርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ ምሰሶውን ልቆርጠው ወስኜ ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "መጥረቢያውን አንሥቼ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። ከዚያ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ 'እንዴት አድርገሽ ነው ያሳየሽኝ' ያሉኝ። እውነት መስሎኝ ነበር። ሳያውቁት ደስ ብሏቸዋል፣ ደስታቸውን አልቆርጥም ብዬ መጥረቢያውን ይዤ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ሸራውን ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሳምንት ሳልሰቅለው ቀርቼ አላውቅም።"

ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ከድንኳኑ ውስጥ መዘምራኑ ተነሡ፤ ጋዋኖቻቸው የአዬ አስካለች እጅ ሥራ ናቸው። እስኪጨርሱ አብረን ሰማን። ከዚያ አቶ ዳና ሰዓቱን አየና ተነሣ። የቤሌው መኪና እንዳያመልጠው ቸኩሏል፤ ነገ ጠዋት ውሃው ማዶ ገበያ የሚሄዱ ሴቶችን ለማሻገር ቀጠሮ አለበት።